በፈጠራ ቋንቋችሁ ዕድሜና ልደት እንዴት ይቆጠራል?

ለልብ ወለድም ሆነ ለጨዋታ አዲስ ቋንቋ የሚፈጥር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሰላምታ ይጀምራል። ቀጥሎ ቁጥር ይመጣል። ከዚያ “ስሜ እከሌ ነው፣ ዕድሜዬ ሃያ ነው” የሚል ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። እዚህ ላይ ብዙዎች በቃ ጨረስን ብለው ያልፋሉ። እኔ ግን እዚሁ ቆም በሉ እላለሁ። አንድ ሕዝብ ዕድሜውን የሚቆጥርበት መንገድ ስለ ሰማዩ፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ክብርና ስለ ሞት የሚያስበውን ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ የሚወሰነው ምን እንደሚቆጠርና ዕድሜ ለሰውየው ምን እንደሚያስገኝለት ነው። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አብረን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ሕዝቡን ናሩ፣ ቋንቋውን ናሩኛ እንበለው። ሁለቱንም ለዚህ ጽሑፍ ብዬ የፈጠርኳቸው ናቸው። ናሩዎች በትልቅ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ወንዙ በዓመት አንዴ ሞልቶ ማሳውን ያጥለቀልቃል፤ ደለሉን ትቶ ይመለሳል። ለጊዜው ከዚህ በላይ አያስፈልገንም። የቀረውን ከዕድሜ አቆጣጠራቸው እናወጣዋለን። እናንተም የራሳችሁን ሕዝብ ይዛችሁ ተከተሉኝ።

1. የሚቆጠረውን ነገር ምረጡ

ዓመት በራሱ አይታይም። የሚታየው ክረምቱ፣ አበባው፣ የጨረቃዋ መሙላት፣ የከብቱ መውለድ ነው። ሕዝባችሁ የትኛውን እያየ እንደሚቆጥር ወስኑ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንዳይምታታባችሁ። አንዱ የዘመን መነሻ ነው፣ ሌላው የዓመት ርዝመት። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። ታዲያ ከአሜሪካ አዲስ አበባ የገባ ሰው ሰባት ዓመት አይቀነስለትም። መነሻው ቢለያይም የዓመቱ ርዝመት አንድ ነው፣ ዕድሜም አይለወጥም። የሂጅራ አቆጣጠር ግን በጨረቃ ነው የሚሄደው፤ ዓመቱ 354 ወይም 355 ቀን ነው። በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ልዩነት ይፈጠራል። ስለዚህ በፀሐይ ዓመት 33 የሞላው ሰው በሂጅራ 34 ይሞላዋል። አንድ ሰው፣ ሁለት ዕድሜ፣ ሁለቱም ትክክል። በታሪካችሁ ውስጥ የሁለት ሕዝብ ሰዎች የሚገናኙ ከሆነ ይህ ልዩነት ብቻውን ስንት ጭቅጭቅ ያወጣል!

ታሪካችሁ ከምድር ውጭ ከሆነም ስሌቱ ያው ነው፤ ዕድሜውን በቀን ቀይራችሁ ለዚያ ዓለም ዓመት አካፍሉት። ማርስ ፀሐይን ለመዞር 687 የምድር ቀናት ገደማ ይፈጅባታል። ዛሬ 30 ዓመት የሞላው ሰው 10,957 ቀን ገደማ ኖሯል። በማርስ 15 ሞልቶት፣ 16ን ሊደፍን ወር ከምናምን ቀርቶታል ማለት ነው።

ለናሩ ምርጫው ቀላል ነው፤ ጎርፉን ይቆጥራሉ። ጎርፍ በናሩኛ “ሄሉ” ይባል። “ዓመት” የሚባል ሌላ ቃል አንፈጥርላቸውም። አያስፈልጋቸውም።

2. ቁጥሩ ከስንት ይጀምራል? መቼስ ይጨምራል?

ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ለየብቻ መልሷቸው።

በኮሪያ ልማድ ሕፃን ሲወለድ አንድ ዓመቱ ነው። አዲስ ዓመት ሲገባ ደግሞ ሁሉም ሰው እኩል አንድ ይጨምራል። ስለዚህ ታኅሣሥ 31 እ.ኤ.አ. የተወለደ ልጅ በማግስቱ ሁለት ይሆናል። ደቡብ ኮሪያ በሕግና በመንግሥት ሥራ ላይ ዓለም አቀፉን አቆጣጠር ወጥ ያደረገችው በሰኔ 21 ቀን 2015 ዓ.ም ነው። ጃፓንም ተመሳሳይ ልማድ ነበራት። በ1902 እ.ኤ.አ. በሕግ ብትለውጠውም ሰው በቀላሉ አልተወውም፤ በ1950 እ.ኤ.አ. ሌላ ሕግ ማስፈለጉ ይህንኑ ያሳያል። ይህን ልብ በሉት። ሕግና ልማድ የተለያየ ዕድሜ የሚቆጥሩበት አገር ከፈጠራችሁ የሚያምናችሁ ሰው አይጠፋም።

በእኛም ንግግር ውስጥ ሁለቱ አቆጣጠሮች ተቀምጠዋል። “ሠላሳ ዓመት ሞላኝ” እና “ሠላሳኛ ዓመቴን ያዝኩ” በአንድ ዓመት ይለያያሉ። የመጀመሪያው ያለቀውን ይቆጥራል፣ ሁለተኛው የተጀመረውን። ቋንቋችሁ ሁለቱንም ይያዝ ወይስ አንዱን ብቻ? ይወሰን።

ናሩዎችን እንዲህ እናድርጋቸው። ውሃው ጎድሎ ጉልበት ላይ ሲደርስ፣ መላው መንደር በእግሩ ወደ ማዶ ይሻገራል። ሕፃናት ይታዘላሉ፣ አቅመ ደካሞች ይደገፋሉ። በዚያች ቀን ሁሉም ሰው አንድ ይጨምራል። ገና ያልተሻገረ ሕፃን ቁጥር የለውም። “መሻገር” የሚለውን ግሥ “ታር” እንበለው። አሉታን የሚያመለክት ቅድመ ቅጥያ ደግሞ “ሱ” ይሁን። እንግዲህ ያልተሻገረ ሕፃን “ሱታር” ነው። ጨቅላ እንደምንለው ማለት ነው። ትልቅ ሰውን “ሱታር” ማለት ደግሞ ስድብ ይሆናል። አያችሁ? አንድ ሥርና አንድ ቅጥያ ብቻ ይዘን የሕፃን መጠሪያም ስድብም አገኘን።

3. ቁጥሩን በምን መሠረት ትሠራላችሁ?

አሥር አሥር መቁጠር ግዴታ አይደለም። በካሊፎርኒያ የዩኪ ሕዝብ በጣቶቹ መካከል ያሉትን ክፍተቶች ይቆጥር ስለነበር ቁጥሩ በስምንት የተመሠረተ ነበር። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ያሉት ኦክሳፕሚኖች ከአንድ እጅ አውራ ጣት ተነሥተው፣ በክንድና በፊት በኩል አልፈው፣ ሌላው እጅ ትንሽ ጣት ላይ ሲደርሱ 27 የአካል ክፍሎችን ይቆጥራሉ። ማያዎች በሃያ ይቆጥሩ ነበር።

መሠረቱ ለዕድሜ የሚጠቅመው ድፍን ቁጥሩን ስለሚወስን ነው። እኛ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ ላይ ቆም ብለን የምናስበው በአሥር ስለምንቆጥር ነው። በሌላ መሠረት የሚቆጥር ሰው ሃምሳ ላይ ምንም አይሰማውም።

ለናሩ ስምንትን መርጫለሁ። ቁጥሮቻቸው እነዚህ ይሁኑ፦ ኢን፣ ዳኡ፣ ሴ፣ ሞር፣ ፓል፣ ኪሽ፣ ላን፣ ቱም። ከስምንት በላይ ለመሄድ ዕድሜውን ለስምንት አካፍሉ፤ ድርሻውን ከ“ቱም” በፊት፣ ቀሪውን ከ“ቱም” በኋላ አድርጉ። ሠላሳ ማለት ሦስት ጊዜ ስምንት ሲደመር ስድስት ነው፦ “ሴቱም ኪሽ”። አሥራ ስድስት “ዳኡቱም” ነው። ስምንት ጊዜ ስምንት፣ ማለትም 64፣ የራሱ ስም ያስፈልገዋል፤ “ዴላ” እንበለው። ዴላ የደረሰ ሰው በናሩ ምድር ትልቅ ሰው ነው። ጃፓኖች 60ኛውን ዓመት ለብቻው የሚያከብሩት በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ከቻይና የመጣው የዘመን ዙር በ60 ዓመት ስለሚዘጋ፣ ሰውየው ወደ ተወለደበት ዓመት ስም ተመለሰ ይባላል። ቀይ ልብስም ያለብሱታል።

4. ግሡን ምረጡ

ከሁሉም ደረጃዎች የምወደው ይህን ነው፤ ጊዜ ስጡት።

ሰውና ዕድሜው የሚገናኙበት መንገድ በየቋንቋው ይለያል። እንግሊዝኛ ሰውየውን ከቁጥሩ ጋር በ“ነኝ” ያያይዘዋል። በስፓኒሽና በፈረንሳይኛ ዓመቱ ንብረት ነው፤ “ሠላሳ ዓመት አለኝ” ይላሉ። በሩሲያኛ “ለእኔ ሠላሳ ዓመት” ነው የሚባለው። በዕብራይስጥ ወንዱ “ቤን ሽሎሺም”፣ ሴቷ “ባት ሽሎሺም” ትላለች፤ የሠላሳ ልጅ ነኝ እንደ ማለት ነው። እስራኤል ያላችሁ በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። ዓረብኛ እንደ እኛ “ዕድሜዬ” ብሎ ይጀምራል። አማርኛ ደግሞ ከዚህ ሌላ የራሱ ውበት አለው። “ሞላኝ” ስንል አድራጊው ዓመቱ ነው፤ እኛ ላይ ነው የሚሞላው። “ያዝኩ” እና “ደፈንኩ” ስንል ግን አድራጊዎቹ እኛ ነን።

ሰው ሠራሽ ከሆኑት ቋንቋዎች በስፋት የተነገረው ኤስፔራንቶ፣ በ1887 እ.ኤ.አ. ዛሜንሆፍ ያወጣው፣ በሁለት መንገድ ይለዋል። “ሚ ሃቫስ ትሪዴክ ያሮይን” ሠላሳ ዓመት አለኝ ነው። “ሚ ኤስታስ ትሪዴክያራ” ደግሞ ባለ ሠላሳ ዓመት ነኝ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ተናጋሪዎቹ በየዓመቱ ታኅሣሥ 15 እ.ኤ.አ. የዛሜንሆፍን ልደት ማክበራቸውም ለርዕሳችን ይስማማል።

እንዴት ትመርጣላችሁ? በደረጃ 1 እና 2 ወደ ወሰናችሁት ተመለሱ። ሕዝባችሁ ዓመትን እንደ ሀብት ያየዋል? “አለኝ” በሉ። እንደ ሸክም? “ተሸከምኩ” በሉ። እንደ መንገድ? “ሄድኩ” በሉ። ከአካባቢው ጋር ያልተያያዘ ግሥ አትምረጡ።

ናሩዎች ይሻገራሉ። ግሡ መጀመሪያ ይምጣ፣ ባለቤቱ ከኋላው ይለጠፍ፦ “ማ” ለእኔ፣ “ዱ” ለአንተና ለአንቺ፣ “ሪ” ለእሱና ለእሷ። እንግዲህ፦

“ታርማ ሴቱም ኪሽ ሄሉ።” ሠላሳ ጎርፍ ተሻገርኩ፤ ሠላሳ ዓመቴ ነው።

“ታርሪ ቱም ሄሉ።” ስምንት ዓመቷ ነው። ስምንት ዓመቱም ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ ሰው ላልሆነው ነገር ግሡ ያው ነው? ዛፍ ወንዝ አይሻገርም። ዛፍ ጎርፉን ይጠጣል። “መጠጣት” “ሊብ” ከሆነ፣ “ሊብሪ ዴላ ሄሉ” የሚለው ስለ 64 ዓመት ዛፍ ነው የሚናገረው። ስለ ሞተ ሰውስ? “ዳር መቅረት” የሚል ግሥ ስጡት፤ “ኡስ” ይሁን። “ኡስሪ ዴላ ሄሉ” ማለት በ64 ዓመቱ አረፈ ማለት ነው። ሞት የሚለውን ቃል ሳንፈጥር ማርዳት ቻልን። ለቀሪው ቋንቋ የሚሆን ዘይቤም እዚሁ አገኛችሁ።

5. ማን ማንን ይጠይቃል?

“ስንት ዓመትህ ነው?” የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከመተርጎማችሁ በፊት ጥያቄው የሚጠየቅ መሆኑን አረጋግጡ። ልጅን መጠየቅ ብዙ ቦታ ችግር የለውም። አዛውንትን መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። በኮሪያ የሰው ዕድሜ ሳይታወቅ በምን ዓይነት አክብሮት እንደሚነገር ለማወቅ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ጥያቄው ቶሎ ይመጣል። አማርኛም “አንተ” ወይስ “አንቱ” የሚለው ላይ ያው ጭንቀት አለበት።

ብዙ ሕዝቦች ደግሞ ከቁጥር ይልቅ ባልንጀራን ይጠይቃሉ። በኦሮሞ ገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል። በቦረና ደግሞ ልጅ የሚገባበትን እርከን የሚወስነው የተወለደበት ቀን ሳይሆን አባቱ ያለበት እርከን ነው፤ በሁለቱ መካከል የአምስት ገዳ፣ ማለትም የ40 ዓመት ርቀት አለ። ዩኔስኮ ይህን ሥርዓት በ2016 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ሕዝባችሁን በእርከን ለማደራጀት ካሰባችሁ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አታገኙም፤ ገልብጣችሁ ሳይሆን አሠራሩን አጥንታችሁ ተጠቀሙበት።

በናሩ ትልቅ ሰው ልጅን “ታርዱ ሜ ሄሉ?” ይለዋል፤ ስንት ጎርፍ ተሻገርክ? ልጅ ግን ትልቅ ሰውን ቁጥር አይጠይቅም። “ታርዱን ኬም?” ይላል፤ ከማን ጋር ተሻገሩ? “ዱን” የአክብሮት መልክ ነው፤ “ኬም” ደግሞ “ከማን ጋር” ነው። መልሱ የእኩዮች ስም ይሆናል። አብረው መጀመሪያ የተሻገሩት “ታሩም” ይባላሉ፤ በየስምንት ጎርፉ አዲስ ታሩም ይከፈታል፣ ስምም ይወጣለታል።

6. የልደት ቀን አላቸው?

ሁሉም በአንድ ቀን የሚጨምር ከሆነ የግል ልደት ምን ይሠራል? ምንም ላይሠራ ይችላል። እኛም ጋ ኬክ ቆርሶ ልደት ማክበር ለብዙ ቤተሰብ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በክርስቲያኑ ቤት ትልቁ ድግስ ክርስትናው ነው፤ ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን።

የተወለዱበት ቀን ሌላ ሥራ ሊሰጠውም ይችላል። በጋና አካኖች የሳምንቱ ቀን ስም ይሆናል። ዓርብ የተወለደ ወንድ ኮፊ ነው፣ ቅዳሜ የተወለደ ክዋሜ። ኮፊ አናን ዓርብ ቀን ነው የተወለደው፤ ክዋሜ ንክሩማ ስሙ ራሱ ቀኑን ይናገራል። ማያዎች ከ260 ቀኑ አቆጣጠራቸው የልጅን ስምና ዕጣ ያወጡ ነበር።

ናሩዎች ስምንት ቀን ያለው የገበያ ሳምንት አላቸው እንበል። ልጅ በተወለደበት የገበያ ቀን ይጠራል። በዚያ ቀን ስጦታ የምትቀበለው ግን እናቲቱ ናት፤ የወለደችው እሷ ናትና። ይህን የጨመርኩት ስጦታ ማን ለማን እንደሚሰጥ ጭምር መወሰን እንዳለባችሁ ላሳይ ብዬ ነው።

7. የሚያስቸግሩትን ሰዎች ፈልጉ

ሥርዓት ጥሩ ሆኖ የሚታየው ለተራው ሰው ነው። የሚፈተነው ግን ዳር ላይ ባሉት ሰዎች ነው። ከእኛው አቆጣጠር ጀምሩ፤ ጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ አለ። ቀኑ በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ብቻ ይመጣል። በ2015 ነበረ፤ ቀጣዩ በ2019 ነው። በመካከሉ ያሉትን ልደቶች ጳጉሜን 5 ያክብር ወይስ መስከረም 1? ቤተሰቡ ይወስናል። በፈጠራ ዓለማችሁ ግን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ለናሩ አራት አስቸጋሪ ሰዎች አሉ።

በመሻገሪያው ቀን ዋዜማ የተወለደው ሕፃን የአንድ ቀን ልጅ ሆኖ “አንድ ጎርፍ” ይባላል። ይህ ጉዳት የለውም፤ የታሩሙ ትንሹ ይሆናል፣ በቃ።

መንገድ ላይ የነበረው ነጋዴ ማዶ ሳይሻገር ጎርፉ አለፈ። ዕድሜ ይጨምራል? አይጨምርም ካልን ነጋዴዎች ከእኩዮቻቸው በታች ይቆጠራሉ። ስለዚህ ወደ ቤት ለመመለስ ይጣደፋሉ። አንድ ታሪክ ከዚህ ብቻ ይወጣል።

ታማሚውን ሌላ ሰው አዝሎ ያሻግረዋል። የተሸከመው ሰው “ትከሻው” ይባላል፣ ዕድሜ ልክም ዝምድና ነው።

አራተኛው ከሁሉም ከባድ ነው፤ ጎርፉ ያልመጣበት ዓመት። “ሱሄሉ” እንበለው። ወንዙ ካልሞላ መሻገር የለም፣ መሻገር ከሌለ ዕድሜ የለም። ሕዝቡ ይራባል፣ ቁጥሩም ይቆማል። ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንዱ “በሱሄሉ ማንም አላደገም” ይላል። ሌላው ሽማግሌ በገንቦ ውሃ አፍስሶ ሰዉ ውሃውን ተራምዶት ይለፍ፣ ያም ይቆጠር ይላል። አሥራ ስድስት ሲሞላ መሬት የሚሰጥ ከሆነ፣ የገንቦው ጎርፍ መቆጠርና አለመቆጠር የእንጀራ ጉዳይ ይሆናል። እኛም ዘንድ የጭንቅ ዓመት የራሱ መቁጠሪያ ነበር። አያቶቻችን “ከክፉ ቀን በኋላ”፣ “ጣሊያን ሲገባ”፣ “በሰባ ሰባቱ ድርቅ” እያሉ የልጅ ዕድሜ ያወጡ ነበር። ናሩዎችም “ከሱሄሉ በፊት ሦስት” ይበሉ።

8. ምርቃቱንና ፈተናውን ጻፉ

ምርቃት ከግሡ ይውጣ። እኛ “እንኳን አደረሰህ” ስንል የመድረስ ግሥ ነው የምንጠቀመው፤ “ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ” ስንል የመስጠት። ናሩዎች በመሻገሪያው ቀን ማዶ ቆመው “ታርዱ!” ይባባላሉ። ተሻገርክ፣ ተሻገርሽ ማለት ነው። መልሱ “ታርማ!” ነው። አጭር ነው፣ በጩኸትም ያምራል።

ከዚያ ወረቀት አውጡና እነዚህን አምስት ነገሮች በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉ፦ የሕፃን ዕድሜ፣ የራሳችሁ ዕድሜ፣ የአንድ አዛውንት ዕድሜ በአክብሮት፣ የአንድ የሞተ ሰው ዕድሜ፣ የአንድ ቤት ወይም ዛፍ ዕድሜ። አምስቱም በአንድ ግሥና በአንድ ቅርጽ ከወጡላችሁ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ፤ ቋንቋችሁ ገና አማርኛን ወይም እንግሊዝኛን እየገለበጠ ነው።

በመጨረሻ ለገጸ ባሕርያታችሁ አንድ ሠንጠረዥ ሥሩ። አራት ዓምድ ይበቃል፦ ስም፣ በእኛ አቆጣጠር የተወለደበት ቀን፣ በእነሱ አቆጣጠር ያለው ቁጥር፣ እኩዮቹ። በታሪኩ ውስጥ አንድ ጎርፍ ባለፈ ቁጥር ሦስተኛውን ዓምድ አስተካክሉ። ሱሄሉ ካለ ከጎኑ ምልክት አድርጉበት፣ የትኛው ወገን እንደሚቆጥረውም ጻፉ።